ከጋማ ጨረር እስከ ራጅ፦ ማንነታቸው ስላልታወቀ የሰማይ ምንጮችና ስለ ነጭ ድንክ ጥንዶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ማርቆስ ላይ መብራት ሲጠፋ ሰፈርተኛው ሻማ ይፈልጋል፤ የእኔ ተማሪዎች ግን ደጅ ይወጣሉ። የፊዚክስ መምህር ነኝ። በበጋ ምሽት ከከተማው ወጣ ብለን፣ ከታጨደ ማሳ ጠርዝ ጋቢ ተከናንበን ሰማይ እናያለን። መንገደኛም ጎራ ብሎ ይጠይቃል። አንድ ማታ «ሳተላይት የሚያያቸው፣ ምንነታቸውን ግን እስካሁን ማንም ያልለየላቸው ነገሮች ሰማይ ላይ አሉ» የሚል ቃል አፌ አመለጠኝና ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አላባራም። ደጋግመው የመጡትን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እላለሁ።

«ማንነቱ ያልታወቀ የጋማ ጨረር ምንጭ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጋማ ጨረር ከራጅም የበረታ፣ በዓይን የማይታይ ብርሃን ነው። ጨረሩ ታይቷል፣ ባለቤቱ አልተገኘም ማለት ነው። ፌርሚ የተባለው የናሳ የጋማ ጨረር ቴሌስኮፕ በ2008 ከወጣ ጀምሮ መላውን ሰማይ በየ3 ሰዓቱ ገደማ ይቃኛል። በመጀመሪያዎቹ 8 ዓመታት መረጃ በተዘጋጀው አራተኛ ማውጫው 5,064 ምንጮች ተመዝግበዋል። ከ3 ሺህ በላይ የሚሆኑት ብሌዛር የሚባሉ የሩቅ ጋላክሲዎች ማዕከሎች ናቸው፤ 239ኙ ደግሞ ፑልሳሮች፣ ማለትም እየተሽከረከሩ ጨረራቸውን እንደ ባትሪ መብራት የሚያዞሩ ኒውትሮን ኮከቦች (ግዙፍ ኮከብ ሲፈነዳ ታፍኖ የቀረ ልቡ)። 1,336ቱ ግን «ይህ ነው» የሚባል ባለቤት አልነበራቸውም። የ14 ዓመት መረጃ ሲጨመር ማውጫው 7,194 ደርሷል።

ሩብ የሚሆነው አይታወቅም ሲባል ለሚደነግጥ ሰው የቀድሞውን እነግረዋለሁ። ከ1991 እስከ 2000 በሕዋ የቆየው የኮምፕተን ሳተላይት ላይ የነበረው ኢግሬት የተባለ የጋማ መሣሪያ 271 ምንጮችን መዝግቦ 170ዎቹ አልታወቁም ነበር። ያኔ የታወቀው ነበር ጥቂቱ።

ካልታወቀ ስም እንዴት ወጣለት?

ይህን የጠየቁኝ አንድ የኔታ ናቸው፤ በዚያ ማታ ከተጠየቀው ሁሉ የበለጠውም እሱ ነው። መልሱ፦ ስም አይደለም፣ አድራሻ ነው። «4ኤፍጂኤል ጄ1227.9-4853» የሚለውን ውሰዱ። ፊተኛው «አራተኛው የፌርሚ ማውጫ» ነው። 1227.9 የሚለው በሰማይ ኬንትሮስ 12 ሰዓት ከ27.9 ደቂቃ ላይ፣ -4853 የሚለው ደግሞ ከሰማይ ወገብ በስተደቡብ 48 ዲግሪ ከ53 ደቂቃ ላይ ማለት ነው። እኛ «ከወፍጮ ቤቱ ከፍ ብሎ፣ ከዋርካው በስተግራ ያለው ቤት» እንደምንለው። የቤቱን ባለቤት ሳታውቁ ቤቱን መጠቆም ትችላላችሁ። የኔታ «እንግዲያ ጎረቤት ሳይጠይቁ የሰው ቤት መቁጠር ነው» አሉና ሳቁ።

ይህችን አድራሻ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ እንመለስባታለን።

ጋማ የሚያየው ቴሌስኮፕ ቦታውን አጥርቶ ለምን አያሳይም?

ጋማ ጨረርን በመስታወት አጥፎ አንድ ነጥብ ላይ መሰብሰብ ስለማይቻል። ፌርሚ የሚያደርገው ሌላ ነው፦ ጨረሩ ከስስ የተንግስተን ቅጠል ጋር ተጋጭቶ ወደ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን (የኤሌክትሮን ተቃራኒ መንትያ) ይለወጣል፤ መሣሪያው የእነዚያን የሁለቱን ዱካ ተከትሎ «ከዚህ አቅጣጫ መጣ» ይላል። በ1 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ላይ አንዷ ጋማ የምታሳስተው ወደ 0.8 ዲግሪ ነው። ሙሉ ጨረቃ ግማሽ ዲግሪ መሆኗን አስቡ። ብዙ ጋማዎች ሲደማመሩ ስሕተቱ ይጠባል፤ ሆኖም ለደካማ ምንጭ የሚቀረው ክብ ብዙ ጊዜ የጨረቃን ሩብ ወይም ግማሽ ያህላል።

በዚያች ክብ ውስጥ ትልቅ የብርሃን ቴሌስኮፕ ቢያነጣጥሩ በሺህ የሚቆጠሩ ኮከቦችና ጋላክሲዎች ይታያሉ። ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ማታ ማዶ እሳት ብታዩ፣ ከየትኛው ቀበሌ እንደሆነ ትገምቱ ይሆናል፤ ከማን ደጅ እንደሆነ ግን አትለዩም።

ኤክስሬይ ሆስፒታል የምንነሳው ራጅ ነው?

አዎ፣ ያው ነው። ልዩነቱ የጉልበት መጠን ብቻ ነው። ለደረትና ለአጥንት የሚያነሳን ማሽን በአሥሮች በሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከ100 በሚበልጥ ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ይሠራል። ስዊፍት የተባለው ሳተላይት ላይ ያለው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ የሚያየው ከዚያ የለሰለሰውን፣ ከ0.3 እስከ 10 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያለውን ነው። በ2012 የወጣው ኑስታር እስከ 79 ስለሚደርስ ወደ ሆስፒታሉ ራጅ ይገባል። አንድ ነገር ግን ይገለበጣል፦ ሆስፒታል ውስጥ ማሽኑ ያበራል፣ እኛ ጥላ እንጥላለን። ሰማይ ላይ የሚያበራው ራሱ በሽተኛው ነው።

ጮቄ ጫፍ ላይ ቴሌስኮፕ ብንተክል አያይም?

ኤክስሬይን አያይም። ጮቄ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው፣ ግን ለዚህ ጉዳይ ምንም አይደለም። በባሕር ጠለል ላይ ከራሳችን በላይ ያለው አየር 10 ሜትር ውፍረት እንዳለው ውኃ ይከብዳል፤ ጮቄ ላይ ወደ 6 ሜትር ዝቅ ይላል። ከኮከብ የመጣ ኤክስሬይ ይህን ሁሉ ሊሻገር ቀርቶ ገና በአሥሮች ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሳለ ያልቃል።

ስለዚህ ከአየር በላይ መውጣት ግድ ነው። በ1962 በሮኬት የተላከ መሣሪያ በዐቅራብ ኮከቦች በኩል ብርቱ የኤክስሬይ ምንጭ አገኘ፤ የሥራው መሪ ሪካርዶ ጃኮኒ በ2002 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። ለኤክስሬይ ብቻ የተሠራው የመጀመሪያው ሳተላይት የተተኮሰው ግን ከጎረቤታችን ነው፦ ከኬንያ ማሊንዲ አቅራቢያ ባሕር ላይ ከነበረ መድረክ፣ ዲሴምበር 12 ቀን 1970። ቀኑ የኬንያ የነጻነት በዓል ስለነበር «ኡሁሩ» ተባለ፤ በስዋሂሊ ነጻነት ማለት ነው። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ከጃኮኒ ኖቤል ይልቅ ያስደስታቸዋል፤ እኔንም እንዲሁ።

በሚታይ ብርሃን ከሆነ ግን የእኛም ተራራ ይጠቅማል። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ።

ኤክስሬይ ቦታውን በምን ያጠራል?

ጠፍጣፋ ድንጋይ ጣና ላይ ወርውራችሁ ታውቃላችሁ? ከላይ ወደ ታች ከጣላችሁት ይሰምጣል። አግድም፣ ውኃውን እየላሰ እንዲሄድ ከወረወራችሁት ይነጥራል። ኤክስሬይም እንዲሁ ነው፤ መስታወትን ፊት ለፊት ቢመታ ውስጥ ይቀራል፣ በጣም ዘንበል ብሎ ቢነካው ግን ይነጥራል። ስለዚህ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ መስታወት እንደ ሰሐን ሳይሆን አንዱ በሌላው ውስጥ እንደገቡ በርሜሎች ይሠራል። ስዊፍት 12፣ ኤክስኤምኤም ኒውተን በእያንዳንዱ ቴሌስኮፑ 58፣ ኑስታር 133 አላቸው።

በዚህ መንገድ ስዊፍት የአንድን ምንጭ ቦታ እስከ 5 የቅስት ሰከንድ ገደማ (አንዱ የቅስት ሰከንድ የዲግሪ 3,600ኛ እጅ ነው) አጥብቦ ያሳያል። ይህም የአንድ ብር ሳንቲም ከ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ሲታይ የሚያህለውን ነው። ቻንድራ የተባለው የናሳ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ከዚያም አሥር እጥፍ ገደማ ያጠራል። እንግዲህ ሥራው ይህ ነው፦ ፌርሚ «እዚያ መንደር ነው» ይላል፤ ስዊፍት ለአንድ ሰዓት ያህል አነጣጥሮ «በመንደሩ ውስጥ መብራት ያለባቸው እነዚህ ሁለት ቤቶች ናቸው» ይላል፤ ከዚያ በሚታይ ብርሃንና በራዲዮ በር ይንኳኳል። መብራት ያለበት ቤት ሁሉ ግን እሳቱን ያነደደው አይደለም። በአጋጣሚ እዚያው አቅጣጫ ላይ ያለ፣ ከጉዳዩ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ጋላክሲ ሊሆን ይችላል።

ነጭ ድንክ ምንድን ነው?

እንደ ፀሐይ ያለ ኮከብ ነዳጁን ጨርሶ፣ ልብሱን አውልቆ የቀረው ልቡ። ክብደቱ ከፀሐይ ጋር ሊወዳደር ይችላል፣ መጠኑ ግን የምድርን ያህል ነው። በአንድ የቡና ሲኒ ልክ ቢቀዳ በአሥሮች የሚቆጠር ቶን ይመዝናል፤ ለአንድ ሲኒ የአይሱዙ ሰልፍ ያስፈልጋል። ከፀሐይ 1.4 እጥፍ ገደማ በላይ መክበድ አይችልም፤ ይህን ወሰን ያሰላው ቻንድራሰካር ነው፣ ቴሌስኮፑም የተሰየመው በእርሱ ነው።

«መግነጢስ ያለው ጥንድ»ስ? ከዚያ ኤክስሬይ እንዴት ይወጣል?

ይህ ላይ ቁጭ ብዬ ማውራት እወዳለሁ።

ሁለት ኮከቦች በጣም ተቀራርበው ይዞራሉ፤ አንዱ ነጭ ድንክ፣ ሌላው ብዙውን ጊዜ ቀላ ያለ ትንሽ ኮከብ። ከመቀራረባቸው የተነሳ አንድ ዙር በጥቂት ሰዓታት፣ አንዳንዴም በ80 እና 90 ደቂቃ ያልቃል። ከቀዩ ኮከብ ጋዝ እየተንጠባጠበ ወደ ድንኩ ይፈሳል። ቀጥ ብሎ አይወድቅም፤ ጭስ ዓባይ ከመድረሱ በፊት ድንጋይ መሐል እንደሚሽከረከር ውኃ እየዞረ ሰፌድ ይሠራል። በሰፌዱ ላይ ቀስ እያለ ወደ መሐል ይጠጋል።

ድንኩ መግነጢስ ሲኖረው ነገሩ ይለወጣል። የመግነጢስ ብርታት በጋውስ ይለካል፤ የምድር ከ1 ጋውስ ያነሰ ነው። ኤምአርአይ ማሽን 15 ሺህ ጋውስ እና ከዚያ በላይ አለው። «መካከለኛ ፖላር» የሚባሉት ጥንዶች ውስጥ ያለው ነጭ ድንክ ግን በሚሊዮኖች፣ «ፖላር» የሚባሉት ውስጥ ያለው ከ10 ሚሊዮን እስከ 200 ሚሊዮን ጋውስ አለው። በመካከለኞቹ ሰፌዱ መሐሉ ይበጠሳል፤ በፖላሮቹ ከነጭራሹ ሰፌድ አይሠራም። ጋዙ የመግነጢሱን መስመር ይዞ፣ ቦይ እንደተቀደደለት መስኖ፣ ወደ ሁለቱ ዋልታዎች ይነዳል።

አሁን ወደ ዋልታው ጠጋ በሉ። ጋዙ በሰከንድ በሺዎች ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ከድንኩ ገላ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከፊቱ ካለው ከታፈነው ጋዝ ጋር ይላተምና በአንድ ጊዜ ይቆማል። የመውደቁ ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ 100 ሚሊዮን ዲግሪና ከዚያ በላይ። እንዲህ የጋለ ጋዝ በዓይን ብርሃን አይደለም የሚያበራው፣ በኤክስሬይ ነው። ድንኩ ሲሽከረከር ዋልታው አንዴ ወደ እኛ፣ አንዴ ወደ ማዶ ስለሚዞር ኤክስሬዩ ደመቅ ደብዘዝ ይላል። ከእነዚህ ጥንዶች መሐል የኢኤክስ ሃይድሬ ድንክ በ67 ደቂቃ አንዴ ይዞራል፤ የጂኬ ፐርሴይ በ351 ሰከንድ፤ የኤኢ አኳሪ በ33 ሰከንድ። እንደ ምድር ያለ ግዙፍ ነገር በ33 ሰከንድ አንዴ ዞሮ ሲመጣ አስቡት፤ አንድ ስኒ ቡና ፉት ብላችሁ እስክታስቀምጡ።

ከዚህ ኤክስሬይ ሁለት ነገር ይነበባል። አንዱ የሙቀቱ ልክ ነው፤ ድንኩ በከበደ ቁጥር ጋዙ በፍጥነት ስለሚወድቅ ይበልጥ ይግላል፣ ስለዚህ ኤክስሬይ እንደ ሚዛን ያገለግላል። ሌላው የብረት ፊርማ ነው፦ ኤክስሬዩ በየጉልበቱ ሲዘረዘር በ6.4፣ በ6.7 እና በ6.97 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ የሚቆሙ ሦስት ጭረቶች።

ደግሞም ብዙ ናቸው። የጋላክሲያችን የፍኖተ ሐሊብ ወገብ በኤክስሬይ እንደ ጉም ተዘርግቶ ያበራል። ጉሙ ጋዝ ነው ወይስ የብዙ ትናንሽ ኮከቦች ድምር የሚለው ለዓመታት ያከራከረ ነበር። ቻንድራ አንዲት ቁራጭ ሰማይ ላይ 1 ሚሊዮን ሰከንድ ያህል አፍጥጦ በ2009 በወጣው ውጤት፣ በብረቱ ጭረት አካባቢ ያለው ጉም ከ80 ከመቶ በላይ ወደ ነጠላ ምንጮች ተፈታ። ከእነሱም ውስጥ ነጭ ድንክ ያለባቸው ጥንዶች ትልቅ ድርሻ ይይዛሉ።

ታዲያ ያልታወቁት የጋማ ምንጮች እነዚህ ናቸዋ?

በአብዛኛው አይደሉም። ማንም የሚጠብቀውን መልስ ስለማልሰጥ ይቅርታ። ሙቀት ብቻውን ኤክስሬይ ይሰጣል እንጂ ጋማ ጨረር አይሰጥም። ለጋማ ቅንጣቶችን ወደ ብርሃን ፍጥነት ጠጋ አድርጎ የሚወነጭፍ ነገር ያስፈልጋል።

ኤኢ አኳሪ እንዲህ ያለ ወንጫፊ ሊሆን ይችላል ተብሎ ነበር፤ ፈጥኖ ከመዞሩ የተነሳ የሚመጣለትን ጋዝ አብዛኛውን እንደ ወንጭፍ መልሶ ይበትነዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ አፍሪካ የነበሩ ተመራማሪዎችና ሌሎችም ከእሱ እጅግ ብርቱ ጋማ እንዳዩ ዘግበው ነበር። ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ስል በሆኑ መሣሪያዎች፣ መሬት ላይ በተተከሉት የማጂክ ቴሌስኮፖችም በፌርሚም ሲታይ አልተገኘም። ኤአር ስኮርፒ ደግሞ በ2016 የታወቀ እንግዳ ነው፤ ወደ 380 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ፣ ነጭ ድንኩ በ2 ደቂቃ ገደማ እየዞረ በየዙሩ ጎረቤቱን በጨረር ይገርፈዋል። ከራዲዮ እስከ ኤክስሬይ ይመታል፣ «የነጭ ድንክ ፑልሳር» ተብሏል። በ2023 ሁለተኛ ተገኘለት፤ በ5.3 ደቂቃ የሚዞር።

ነጭ ድንክ ጋማ የሚሰጥበት የተረጋገጠ መንገድ ኖቫ ነው። ድንኩ ላይ የተከመረው ሃይድሮጅን ሲፈነዳ የተወረወረው ጋዝ ከአካባቢው ጋር ይላተምና ቅንጣቶችን ይወነጭፋል። ይህን ማንም ሳይጠብቅ ፌርሚ በማርች 2010 በቪ407 ሲግኒ ላይ አየው። በኦገስት 2021 አርኤስ ኦፊዩኪ ስትፈነዳ ናሚቢያ ያሉት የሄስ ቴሌስኮፖች ከመሬት ሆነው በጣም ብርቱውን ጋማ ያዙ። በዓይን እስክትታይ ደምቃ ነበር። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ማለት ነው፤ ጎጃም ውስጥ በነሐሴ ሰማይ ያየ ካለ ይንገረኝ።

ነጭ ድንክ ነው ተብሎ ሌላ ሆኖ የተገኘ አለ?

አለ። ለእኔ የዚህ ገጽ ልብ ይህ ነው፤ ያዙልኝ ያልኳችሁ አድራሻም እዚህ ይመጣል።

ኤክስኤስኤስ ጄ12270-4859 የተባለ የኤክስሬይ ምንጭ ነበር። በ2006 በሚታይ ብርሃን ተመርምሮ «መካከለኛ ፖላር ይመስላል» ተባለ። ሁሉ ነገር ይገጥማል፦ ብርቱ ኤክስሬይ፣ የሃይድሮጅን መስመሮች፣ ሰፌድ። በ2008 የ860 ሰከንድ ዙር ተገኘ ተባለና መዝገቡ የተዘጋ መሰለ። ሌሎች ግን ያንን ዙር ፈልገው አጡት። ኤክስሬዩም እንደ ነጭ ድንክ አልሆነም፤ ከመሬት ተነስቶ ይጠፋል፣ ከመሬት ተነስቶ ይመለሳል።

ከዚያ የፌርሚ ማውጫ ወጣ፤ ልክ እዚያው ቦታ ላይ የጋማ ምንጭ። ያው 4ኤፍጂኤል ጄ1227.9-4853 ያልነው። በ2010 ሁለቱ አንድ ናቸው የሚል ጽሑፍ ታተመ። ነጭ ድንክ እንዲህ ያለ ጋማ ከየት ያመጣል? ጥያቄው ሳይመለስ በ2012 መጨረሻ ኮከቡ ራሱ ባሕርዩን ለወጠ፦ ደበዘዘ፣ የሰፌዱ ምልክት ጠፋ። ያኔ ራዲዮ ሲነጣጠርበት በ1.69 ሚሊ ሰከንድ አንዴ የሚዞር ፑልሳር ተሰማ። በሰከንድ ወደ 590 ጊዜ! ነጭ ድንክ በዚህ ፍጥነት ቢዞር ተበታትኖ ያልቃል። ኒውትሮን ኮከብ ነበር።

ብቻውንም አይደለም። ፒኤስአር ጄ1023+0038 በ2002 መግነጢሳዊ ነጭ ድንክ ተብሎ ታትሞ ነበር፤ በ2007 ራዲዮ ላይ 1.69 ሚሊ ሰከንድ ፑልሳር ሆኖ ተገኘ። በጁን 2013 ደግሞ ገለበጠው፤ ራዲዮው ጠፋ፣ ሰፌዱ ተመለሰ፣ ጋማው ወደ አምስት እጥፍ ጨመረ። አንዴ ፑልሳር አንዴ ጋዝ በሊታ የሚሆኑ ስለሆኑ «ተሸጋጋሪ ፑልሳር» ይባላሉ። 3ኤፍጂኤል ጄ1544.6-1125 ውስጥ ያለው ኤክስሬይ ምንጭም እንዲሁ ቀድሞ በነጭ ድንክነት ተመድቦ፣ ኋላ ለዚህ ቤተሰብ እጩ ሆኗል።

ስለዚህ በማውጫ ላይ «መካከለኛ ፖላር ሳይሆን አይቀርም» የሚል ማስታወሻ ካለበት ኮከብ አጠገብ ያልታወቀ ጋማ ካያችሁ፣ ያን ማስታወሻ አትመኑት። እኔ በበኩሌ መጀመሪያ የምፈልገው እንዲህ ያለውን ነው።

ሁለቱን በምን ይለዩዋቸዋል?

በኤክስሬይ። ተሸጋጋሪው ፑልሳር ሰፌድ ሲኖረው መብራት የሚያበራና የሚያጠፋ ልጅ ይመስላል፦ አንድ ደረጃ ላይ ጸንቶ ይቆያል፣ በ10 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ወደ አንድ አሥረኛው ዝቅ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ወደዚያው ደረጃ ይመለሳል። መሐል ላይ አይቆምም። ነጭ ድንኩ ግን እንደ ወፍጮ በዙሩ ይሄዳል፤ ሰዓቱን ቆጥራችሁ ትይዙታላችሁ። ሦስቱ የብረት ጭረቶችም አሉበት። በፑልሳሩ ላይ ጭረቶቹ የሉም፤ መስመሩ ለስላሳ ቁልቁለት ነው።

ተፈትቶ ያለቀ ምሳሌ አንድ ስጡን።

ጌሚንጋ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያው ከኬንያው መድረክ በተተኮሰው ሳስ-2 ሳተላይት፣ በመንትዮቹ ኮከቦች በኩል የተገኘ ብርቱ ጋማ ነበር። በራዲዮ ቢፈልጉት የለም። ስሙን ያወጡት ጣሊያኖች በሚላን ቋንቋ «እዚያ የለም» ከሚለው ጋር አጫውተውታል፤ ቅኔ ለለመደ ጆሮ አዲስ አይደለም። መውጫው በኤክስሬይ ተከፈተ፦ በ1983 እጩ ምንጭ ተለየ፣ ከዚያ በሮሳት ሳተላይት መረጃ ላይ 237 ሚሊ ሰከንድ የልብ ምት ተገኘና በ1992 ታተመ። ያንኑ ምት ይዘው ወደ ጋማው ሲመለሱ እዚያም ነበር። ፑልሳር። ሃያ ዓመት የፈጀ።

ይጎዱናል?

አይጎዱም። አየሩ ያቆማቸዋል፣ ርቀቱም ብዙ ነው።

የሌላ ዓለም ፍጡራን ምልክት ቢሆንስ?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቅ ይህ ነው። እስካሁን የተፈቱት ብሌዛር፣ ፑልሳር፣ የፈነዳ ኮከብ ፍርስራሽ እና የመሳሰሉት ሆነዋል።

ከጎጃም ሆኖ በዚህ ላይ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል። የፌርሚም የስዊፍትም መረጃ ለማንም ክፍት ነው፤ ክፍያም ሆነ ፈቃድ አይጠየቅም። የሚያነቡት ፕሮግራሞችም በነጻ ይገኛሉ። የሚያስፈልገው ላፕቶፕ፣ ትንሽ ፓይተን (የኮምፒውተር ቋንቋ)፣ ኔትወርክ ሲመጣ ማታ ማታ ማውረድ፣ ብዙ ትዕግሥት። የእንግሊዙ የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የስዊፍትን ኤክስሬይ ራሱ አስልቶ የሚሰጥ አገልግሎት አለው፤ የኮከቡን አድራሻ ትሰጡታላችሁ፣ ስፔክትረሙን፣ ማለትም ኤክስሬዩ በየጉልበቱ ሲዘረዘር የሚወጣውን ግራፍ፣ ይልክላችኋል።

አንድ የራሴን ውርደት ልንገራችሁ፣ እንዳትደግሙት። ከማይታወቅ የጋማ ክብ ውስጥ አንድ ደካማ ኤክስሬይ አገኘሁና ዙሩን ፈለግሁ። 96 ደቂቃ ወጣ። ፖላሮች በ80 እና በ120 ደቂቃ መሐል መዞር እንደሚወዱ አውቃለሁ፤ እንቅልፍ አጣሁ። ሁለት ሳምንት ግራፍ ሳሳምር ቆየሁ፣ ለባልደረቦቼም ሻይ ቤት ውስጥ አውርቻለሁ። በመጨረሻ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ «ጋሼ፣ ሳተላይቱ ራሱ ምድርን በስንት ደቂቃ ነው የሚዞረው?» አለችኝ። በ96 ደቂቃ ነው። ስዊፍት በየዙሩ ምድር እየጋረደችው ማየት ያቆማል፤ እኔ የለካሁት የኮከቡን ሳይሆን የእሱን መጥፋትና መመለስ ነበር። ሁሉ የተደመረው ደግሞ 31 ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ነው። ከ31 ፎቶን ላይ ዙር አይፈለግም። አሁን ማንኛውም ተማሪ ዙር አገኘሁ ካለኝ መጀመሪያ የሳተላይቱን ዙር፣ ቀጥሎ ግማሹንና እጥፉን እንዲፈትሽ አደርጋለሁ።

በሚታይ ብርሃን መርዳትም አለ። ኤአር ስኮርፒ ላይ ነገሩ እንግዳ መሆኑን መጀመሪያ ያስተዋሉት በትርፍ ጊዜያቸው ሰማይ የሚያዩ ሰዎች ናቸው።

ዛሬ ማታ ወጥቼ በዓይኔ ምን ላይ?

ጥር ወይም የካቲት ከሆነ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ከሰማይ ኮከብ ሁሉ የምትደምቀውን ፈልጉ፤ ሲሪየስ ናት፣ 8.6 የብርሃን ዓመት። ከጎኗ ነጭ ድንክ አለች፣ መግነጢሷ የማያስጨንቅ። በዓይን ሲታይ በሲሪየስ ብርሃን ስለምትዋጥ አትለይም፤ በቻንድራ የኤክስሬይ ፎቶ ላይ ግን ድንኳ ናት የምትደምቀው፣ ትልቋ ጭል ጭል ትላለች። ግንቦት መጨረሻ ላይ ከሆነ ደግሞ ዝናቡ ሳይገባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዙሩ። ጅራቱን የጠመዘዘ ዐቅራብ ከአድማሱ በላይ ይቆማል። ኤአር ስኮርፒ እዚያ ውስጥ ነው፣ ከቀይዋ ከአንታሬስ ብዙ ሳይርቅ። በዓይን አይታይም፤ አቅጣጫውን ግን በጣት መጠቆም ይቻላል፣ እኛም የምናደርገው ይህን ነው።